አሮጌ ሽጉጥ ምን ይናገራል?

ስለ ጥንታውያን ሽጉጦች፣ ስለ ሰብሳቢዎቻቸውና ስለ ተኳሾቻቸው

ባለፈው ዓመት ለክፍሌ ተማሪዎች የመቅደላን ታሪክ ሳስተምር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጥተው መሞትን እንደ መረጡ ተናገርሁና ጠመኔዬን አስቀመጥሁ። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ወዲያው ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ያ ሽጉጥ ዛሬ ቢገኝ ይተኩሳል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔም ለመሳቅ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ዐይኑን ከእኔ ላይ ሳይነቅል መልሱን ይጠባበቅ ነበር።

ደወሉ ተደወለና ሳልመልስለት ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ደወሉ ባይደወልም ኖሮ መልሱን አላውቀውም ነበር። ለተማሪው ጥያቄ መልስ ያጣ መምህር ሌሊቱን በደንብ አይተኛምና፣ በዚያ ሳምንት ከአንድ መጽሐፍ ወደ ሌላው ስዘዋወር ሰነበትሁ። ያገኘሁትም ነገር ከጠበቅሁት እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ አንባቢዎቼ እንዲካፈሉኝ ብዬ ከዚህ በታች አቀርበዋለሁ። ልጁ ለምን እንደ ጠየቀኝ ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው፤ ስለዚህ እርሱን ለመጨረሻው አቆየዋለሁ። የውጭ አገር ነገር የሚነገርባቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የንግሥቲቱ ስጦታ

«ሽጉጥ» የሚለው ቃላችን «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ይኸውም በመታጠቂያ ውስጥ ወይም በልብስ ሥር የሚሸጎጥ መሣሪያ ማለት ነው። ጠመንጃ በትከሻ ላይ ሆኖ ለሁሉ ይታያል፤ ሽጉጥ ግን ከባለቤቱ ገላ ጋር ተጠግቶ ይኖራል። ነገሥታትም ለነገሥታት ስጦታ ሲልኩ ያጌጠ ጥንድ ሽጉጥ መላክ የቆየ ልማድ ነበር።

በ1862 የእንግሊዝ ቆንስል ቻርልስ ዳንከን ካሜሮን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የተላከ ጥንድ ሽጉጥ ይዞ ነበር። ስጦታው ንጉሠ ነገሥቱ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ላደረጉለት ቸርነት የምስጋና ምልክት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍም ተቀርጾበት ነበር። ፕላውደን ማለት ከካሜሮን በፊት ቆንስል የነበረ፣ የንጉሡም ወዳጅ የነበረና በ1860 ጎንደር አጠገብ ከሽፍቶች እጅ ወድቆ ቆስሎ የሞተ ሰው ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዓመት ለንግሥቲቱ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ ነገር ግን መልስ ሳይጻፍለት በመሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። በመዝገብ ቤትና በጽሕፈት ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቼ ይህን ነገር ልብ ብላችሁ እንድታነቡት እለምናለሁ። መልስ ያጣ አንድ ደብዳቤ የንጉሡን ቁጣ አስነሣ፤ ቁጣው ቆንስሉን አሳሰረ፤ እስሩም በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር እስከ መቅደላ አመጣ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር፣ በመቅደላ ሥር በእሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያ ሆነ። የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው ስናይደር የተባለ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር፤ በኋላ ዘመን ባላገሩ «ሰናድር» ያለው ይኸው ነው። (ውጅግራም እንዲሁ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ ስም የመጣ ነው።) የቴዎድሮስ ወታደር የያዘው ግን ጦርና ጎራዴ፣ ጠመንጃ ያለውም በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። አንዱ ባሩዱን በአፈሙዝ አፍስሶ እርሳሱን በዘንግ እስኪጠቀጥቅ ድረስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። ከእኛ ወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ የእንግሊዝ ወታደሮች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ፣ ንጉሡ የመጨረሻውን ነገር የፈጸሙት ከንግሥቲቱ በተላከላቸው በዚያው ሽጉጥ ነው።

የወዳጅነት ምልክት ተብሎ የተላከ ዕቃ የጠላትነት ፍጻሜ ሆነ። እንግዲህ አሮጌ ሽጉጥ የሚሰበስብ ሰው የሚሰበስበው ብረት ብቻ አይደለም። ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የሚመጣውን ታሪክም ይሰበስባል።

ከባልጩት እስከ ስድስት ጎራሽ

የጥንቱ ጠመንጃ የሚተኩሰው በሚነድድ ገመድ ነበር። የሚነድድ ገመድ ያለበትን መሣሪያ በመታጠቂያ ውስጥ ልሸጉጥ የሚል ሰው ግን ልብሱን ያቃጥላል። ስለዚህ ሽጉጥ በደንብ ሊሸጎጥ የቻለው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ እንደ ሰዓት በቁልፍ የሚጠመዘዝ መንኰራኩር ድንጋይ እየፋቀ ብልጭታ የሚሰጥበት ዘዴ ከተገኘ በኋላ ነው። ይህ ዘዴ እጅግ ብልህ ነበር፤ ነገር ግን ዋጋው ውድ ስለ ሆነ የመኳንንት ዕቃ ሆኖ ቀረ። በሚቀጥለው መቶ ዓመት ባልጩት የተነከሰበት መምቻ ብረት ላይ ወድቆ እሳት የሚያወጣበት ቀላል ዘዴ ተስፋፋና ሁለት መቶ ዓመት ያህል የዓለምን ጦር ሁሉ አገለገለ።

የባልጩት ሽጉጥ አንድ ጉድለት ነበረበት። ቃታው ሲሳብ መጀመሪያ በውጭ ያለው ጥቂት ባሩድ ቦግ ይላል፤ ቀጥሎ እሳቱ በቀዳዳ ገብቶ በውስጥ ያለውን ያቀጣጥላል። በሁለቱ መካከል ዐይን የሚያየው፣ ጆሮም የሚሰማው ጥቂት ጊዜ ያልፋል። አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የተባለ አንድ የስኮትላንድ ቄስ ወፍ ማደን ይወድ ነበርና፣ ወፎቹ ብልጭታውን አይተው እርሳሱ ሳይደርስባቸው እየበረሩ ስላስቸገሩት ሌላ ዘዴ ሲፈልግ ቆይቶ፣ ሲመታ ራሱ የሚፈነዳ ቅመም ለመሣሪያ እንዲውል በ1807 የፈጠራ መብት አገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ያ ቅመም በትንሽ የመዳብ ቆብ ውስጥ እየተደረገ መሸጥ ጀመረ። ስለ ጥቂት ወፎች ሲባል የተጀመረ ነገር የጦርነትን መልክ ለወጠው።

ቆቡ ከተገኘ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። በ1836 ገና 21 ዓመት የሞላው ሳሙኤል ኮልት የተባለ አሜሪካዊ፣ ከበሮ የመሰለ ተሽከርካሪ ጎተራ ባለው ሽጉጥ የአገሩን የፈጠራ መብት አገኘ። መምቻው ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር ከበሮው አንድ እርምጃ ይዞራል፤ አዲስ ጉርሻም ከአፈሙዙ ፊት ይመጣል። ኮልት ግን ወዲያው አልከበረም፤ የመጀመሪያው ፋብሪካው በ1842 ከሰረ። ያነሣው የሜክሲኮ ጦርነት ነው። ሳሙኤል ዎከር ከተባለ የጦር መኮንን ጋር ተመካክሮ በ1847 ሁለት ኪሎ ያህል የሚመዝን ግዙፍ ስድስት ጎራሽ ሠራ። ከዚህ ዐይነት የተሠሩት 1,100 ያህል ብቻ ናቸው። ዎከርም ስሙ የተሰጠውን ሽጉጥ ብዙ ሳይዝ በዚያው ዓመት በጦርነቱ ሞተ።

ከዚያም በ1857 ስሚዝና ዌሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባሩዱን፣ እርሳሱንና ማቀጣጠያውን በአንድ ቀልሃ የያዘ ጥይት ከኋላ የሚጎርስ ሽጉጥ አወጡ። በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ የሌለውን ባሩድ አገኘ። በ1896 የጀርመን ሞዜር ፋብሪካ ራሱ እየጎረሰ የሚተኩስ ሽጉጥ ለገበያ አቀረበ። እንግዲህ ከኮልት የፈጠራ መብት እስከ ሞዜር ያለው ዘመን ስድሳ ዓመት ብቻ ነው፤ ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚሹትም የዚህን ዘመን ሥራ ነው።

የሰብሳቢው ዐይን

ጥንታዊ የሚባለው የትኛው ነው? ይህን የሚወስነው የየአገሩ ሕግ ነው። በአሜሪካ በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራውን ጥንታዊ ብሎ ከሌሎቹ ለይቶ ያየዋል። በሌሎች አገሮች ደግሞ ወሰኑ የዘመን ብቻ ሳይሆን የጥይት ዐይነትም ነው፤ ዛሬ ጥይቱ በገበያ የማይገኝለት ሽጉጥ ለክፉ ሥራ ስለማይመች ቁጥጥሩ ይላላል።

ሰብሳቢ ሁሉ ባለጠጋ እንዳይመስላችሁ። በማጉያ መነጽር አንዲት ማኅተም ሲመረምሩ የሚያመሹ ጡረተኛ ጸሐፊዎችና መምህራንም ብዙ ናቸው። ማኅተሟ ምንድን ናት ቢሉ፣ በአውሮፓ ከተሞች አዲስ መሣሪያ ከመሸጡ በፊት ከልክ በላይ ባሩድ ተጨምሮበት በመንግሥት በታወቀ ቤት ይፈተን ነበር። ፈተናውን ያለፈ በብረቱ ላይ ማኅተም ይመታበታል። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ቻርተሩን ያገኘው በ1637 ነው፤ የቤልጅግ ከተማ የሊዬዥ መፈተኛ በ1672፣ የበርሚንግሃም በ1813 ተቋቋሙ። እነዚህን ማኅተሞች ማንበብ የቻለ ሰው ሽጉጡ የት፣ በስንትም ዘመን መካከል እንደ ተሠራ ከብረቱ ላይ ያነብባል። በየክፍሉ ላይ የተመታው ቁጥር ሁሉ አንድ መሆኑንም ያያል፤ ከበሮው ሌላ ቁጥር፣ አካሉ ሌላ ቁጥር ከሆነ ከሁለት ሬሳ የተገጣጠመ ነውና ዋጋው ይወድቃል።

ጀማሪ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ማጽዳት ነው። አሮጌ ሽጉጥ ያገኘ ሰው ደስታው ሲያሳብደው በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ እንደ ማንኪያ ያብለጨልጨዋል። በዚህም መቶ ዓመት ሙሉ በብረቱ ላይ የሰፈረውን ቡናማ መልክና የፈተናውን ማኅተም አብሮ ይፍቀዋል። ባለሙያዎች የሚያደርጉት ጥቂት ዘይት ቀብቶ ዝገቱ እንዳይቀጥል ማድረግ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚሰጠው ግን ታሪኩ ነው። ፓት ጋሬት የተባለ የአሜሪካ የወረዳ ሹም ቢሊ ዘ ኪድ የተባለውን ዝነኛ ወንበዴ በ1881 የገደለበት ኮልት በ2021 በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ቬርሌን በ1873 በወዳጁ በራምቦ ላይ የተኮሰበት ሽጉጥ በ2016 ፓሪስ ላይ ከ400 ሺህ ዩሮ በላይ አወጣ። ይህ ራምቦ ኋላ ቅኔውን ትቶ በሐረር ነጋዴ የሆነው፣ ለምኒልክም ጠመንጃ ይዞ ወደ ሸዋ የወጣው ያው ራምቦ ነው። ሠዓሊው ቫን ጎግ ራሱን የገደለበት ነው የተባለ፣ በእርሻ ውስጥ የተገኘና ዝገት የበላው ሽጉጥ ደግሞ በ2019 በ162,500 ዩሮ ተሸጠ። ይህ የመጨረሻው እንደ መሣሪያ ቢታይ ዋጋ የለውም፤ ገዢው የከፈለው ለታሪኩ ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ1804 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አሮን በር የቀድሞውን የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሐሚልተንን በሽጉጥ ግጥሚያ መትቶ ገደለው። እነዚያ ጥንድ የእንግሊዝ ሽጉጦች ዛሬ የጄ.ፒ. ሞርጋን ቼዝ ባንክ ንብረት ናቸው። ባንክ ከሽጉጥ ጋር ምን አገናኘው ብትሉ፣ ባንኩ ከዘር ማንዘሮቹ አንዱን የሚቆጥረው በ1799 ራሱ አሮን በር ካቋቋመው ኩባንያ ነው። ገዳዩ ያቋቋመው ቤት የሟቹን መታሰቢያ ጠባቂ ሆነ።

ጭሱና ዒላማው

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እንመለስ። አሮጌ ሽጉጥ ይተኩሳል ወይ? አዎን፣ ይተኩሳል። ብረቱ በዝገት ካልተበላና ባለሙያ መርምሮ ደኅና ነው ካለው፣ የሁለት መቶ ዓመት ሽጉጥ ዛሬም ይተኩሳል፤ ዒላማውንም ይመታል።

በአፈሙዝ የሚጎርሱ መሣሪያዎች ተኳሾች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ1971 ከተመሠረተ ወዲህ የዓለም ሻምፒዮና ሲደረግ ቆይቷል። የሽጉጡ ውድድር በ25 ሜትር ርቀት፣ ቆሞ በአንድ እጅ ነው። ለተኳሹ 30 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ 13 ጊዜ ይተኩሳል፤ የሚቆጠሩለት የተሻሉት 10 ናቸው። የባልጩት ሽጉጥ ውድድር ኮሚናዞ፣ ባለ ቆቡ የአንድ ጎራሽ ውድድር ኩኸንሮይተር፣ የተሽከርካሪው ደግሞ ማሪየት ይባላል፤ ሦስቱም በጣሊያን፣ በጀርመንና በቤልጅግ የነበሩ የጥንት ጠመንጃ ሠሪዎች ስሞች ናቸው። በጥንታዊው መሣሪያ የሚተኩሱና በአዲስ አምሳያ የሚተኩሱ ለየብቻ ይወዳደራሉ።

አምሳያው የሚመጣው በአብዛኛው ከሰሜን ጣሊያን፣ ጋርዶኔ ከተባለችው ከተማ አካባቢ ነው። በዚያ ሸለቆ የጠመንጃ ሥራ የቆየ ነው፤ የቤሬታ ቤተ ሰብ በ1526 ለቬኒስ 185 የጠመንጃ አፈሙዝ እንደ ሸጠ የሚያሳይ የሒሳብ ሰነድ አለ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መቶኛ ዓመት ሲቃረብ አሜሪካውያን የአያቶቻቸውን ሽጉጥ መተኮስ ስለ ተመኙ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የጋርዶኔ ባለሙያዎች የኮልትን ሽጉጥ እንደ ገና መሥራት ጀመሩ። በዚህም ምክንያት ውድ የሆነውን ጥንታዊ ዕቃ ከመቅደድ አደጋ አድኖ በአዲሱ መተኮስ ለብዙ ሰው ተቻለ።

የአተኳኰሱን ሥርዓት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጥቁር ባሩድ የሚባለው የሳልፒተር ጨው፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ ነው፤ የተለመደው መጠን 75፣ 15ና 10 እጅ ነው። ተኳሹ ለእያንዳንዱ የከበሮ ጎሬ በስፍር ባሩድ ያፈስሳል። ከላዩ ከጎሬው ጥቂት የሚበልጥ የእርሳስ ድቡልቡል አስቀምጦ በዘንግ ይጫነዋል፤ እርሳሱም ሲገባ ጠርዙ እንደ ቀለበት ተልጦ ይወድቃል። ልጡ ከወደቀ ጎሬው በደንብ ተደፍኗል ማለት ነው። ከዚያ በላዩ ሞራ ወይም ሌላ ቅባት ይቀባል፤ ይህ ካልተደረገ ከአንዱ ጎሬ የወጣው እሳት ወደ ጎረቤቱ ዘልሎ ሁለት ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሊፈነዱ ይችላሉ። በመጨረሻ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርጎ፣ የመዳቡን ቆብ ከኋላ ያለብሳል። ቃታው ሲሳብ ድምፁ እንደ ዛሬው ሽጉጥ ጠንካራ ጩኸት ሳይሆን ወፍራም ጉርምርምታ ነው። ነጭ ጭስ ዒላማውን ይሸፍናል፤ የድኝ ሽታም አየሩን ይሞላል።

ተኩሱ ሲያልቅ ሌላ ሥራ ይጀመራል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባልና፣ ሳይታጠብ ያደረ ሽጉጥ በማግሥቱ ዝጎ ይገኛል። ስለዚህ ተኳሹ ማታውኑ ፈትቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና ያጥበዋል፤ ያደርቀዋል፤ ዘይት ይቀባዋል። አንድ ሰዓት የተኮሰ ሰው አንድ ሰዓት ያጥባል። ነገሩን ከቁም ነገር የሚቆጥሩት ሰዎች የሚወዱትም ይህን ዝግታውን ነው። አሥራ ሦስት ጊዜ ለመተኮስ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ መሣሪያ ለችኩል ሰው አይሆንም።

በዳንብሌን የሆነው

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ያማረ ነው። ነገር ግን ሽጉጥ ሰውን ለመግደል የተሠራ መሣሪያ መሆኑን መርሳት ራስን ማታለል ይሆናል።

መጋቢት ወር 1996፣ በስኮትላንድ ዳንብሌን በተባለች ትንሽ ከተማ፣ አንድ ሰው ፈቃድ ባላቸው ሽጉጦች ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና መምህርታቸውን ገደለ። እንግሊዝ በሐዘን ተናወጠች። በሚቀጥለው ዓመት በ1997 የወጣው ሕግ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ሽጉጥ በግል መያዝን በአብዛኛው ከለከለ፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሽጉጦችም ለመንግሥት ተመለሱ።

በዚያን ጊዜ ሰብሳቢዎች ታላቅ ክርክር አነሡ። የመቶ ዓመት ሽጉጥ ማን ይዞ ወንጀል ይሠራበታል? ይህ ሁሉ ታሪክ ይቅለጥ ወይ? አሉ። ልጃቸውን የቀበሩት ወላጆች ደግሞ የማንም ሰው የትርፍ ጊዜ ደስታ ከልጅ ነፍስ አይበልጥም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ነገር ነበረው፤ እኔ ግን መምህር ነኝና የመጀመሪያዎቹን ሳነብ ሁለተኛዎቹ ከፊቴ አይጠፉም።

ሕጉ የመረጠው የመካከሉን መንገድ ነው። በአፈሙዝ የሚጎርሰው ሽጉጥ በፈቃድ መያዙ ቀጠለ። ከ1919 በፊት የተሠራና ታሪካዊ ዋጋ ያለው ሽጉጥ፣ ጥይት ሳይኖረው ለስብስብ በፈቃድ እንዲያዝ ተፈቀደ። ልዩ ታሪካዊ ዋጋ ያለውና መተኮስ የሚፈለገው ደግሞ በቤት ሳይሆን በተወሰነ ቦታ ተቈልፎ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ የሚተኩሰው እዚያው ሄዶ ነው። ባለቤቱ የገዛ ዕቃውን እንደ ታመመ ዘመድ በቀጠሮ ይጠይቀዋል ማለት ነው። ይህን አንዳንዶች ያማርሩታል። እኔ ግን አሮጌ ሽጉጥ ታሪክም ሞትም በአንድነት እንደ ያዘ የተገነዘበ ሕግ ይመስለኛል።

በሳጥኑ ውስጥ የነበረው

በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍሉ መልሱን ሰጠሁ። «አዎን፣ ይተኩሳል» አልሁ። ያ ልጅ ፊቱ ተለወጠ። ትምህርቱ ሲያበቃ ከበሩ ጠብቆኝ፣ አያቱ ቤት በሳጥን ውስጥ አንድ ሽጉጥ እንዳለ፣ እርሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እያወጣ ሲያየው እንደ ቆየ ነገረኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ «አንድ ቀን ትንሽ ወንድሜ ላይ አነጣጥሬበት ነበር፤ ለጨዋታ ነው። ቃታው ጠንክሮብኝ ተውሁት» አለኝ። ጉልበቴ ራደ።

በዚያው ቀን ማታ ከልጁ ጋር ወደ አያቱ ሄድሁ። እድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሴት ናቸው። ነገሩን በቀስታ ስነግራቸው ደነገጡ፤ ተነሥተውም ከሳጥኑ ግርጌ በነጠላ ቍራጭ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። እንዳይፈቱት ለመንኋቸው።

«እማማ፣ ጥይት አለበት?» አልሁ።

«ምኑን አውቄው ልጄ! አባቴ እንዳስቀመጡት ነው። ከአርበኝነት ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው፤ እኔ እጄን አላሳረፍሁበትም።»

የጥይት እድሜ ከሰው እድሜ ሊበልጥ እንደሚችል፣ ቀልሃው ቢያረጅም ማቀጣጠያው ሕያው ሆኖ እንደሚቆይ፣ በ2012 ዓመተ ምሕረት የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን እንደሚከለክል አስረዳኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ፣ «ይወስዱብኛል ማለት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ልጁስ?» አልሁ ብቻ። ወደ ልጁ ተመለከቱና፣ «በል ነገ በጧት እንሂድ» አሉ።

በማግሥቱ ሽጉጡን ካለበት ሳናንቀሳቅስ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አመለከትን። አንድ የምክትል ኢንስፔክተር ማዕረግ ያለው ሰው ወደ ቤት መጣና በጥንቃቄ ከበሮውን ከፈተው። ስድስት ጎራሽ ነው። አራቱ ጎሬ ሙሉ ጥይት ነበረበት። በሁለቱ የነበረው ባዶ ቀልሃ ነው።

መኮንኑ፣ «በጦርነቱ የተተኮሱ ይሆናሉ» አለ።

አሮጊቷ ሳቅ አሉ። «ኧረ በፍጹም! ከዘመቻ ሲመለሱ ስድስቱም ሙሉ ነበር ይሉ ነበር። አንዱን የተኮሱት እኔ የተወለድሁ ለታ ነው። ሰው ሁሉ ‹ሴት ናት፣ ምን ያስተኩሳል?› ቢላቸው፣ ‹ለእርሷ ያልተተኮሰ ለማን ሊተኮስ!› ብለው ወደ ሰማይ ለቀቁት። ሁለተኛው ወንድማቸው የተቀበሩ ለታ ነው።»

እኔ በሳምንት ሙሉ ንባብ ያላገኘሁትን ነገር በዚያች ቅጽበት አገኘሁ። በዓለም ጨረታ ላይ ሰዎች ሚሊዮን የሚከፍሉት እንዲህ ላለው ቃል ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቁት ደግሞ እኒህ አሮጊት ብቻ ነበሩ፤ አንድ ቀን ዐይናቸውን ቢከድኑ ኖሮ ሽጉጡ ዝም ይል ነበር።

መኮንኑ ሽጉጡን ተረክቦ ደረሰኝ ጻፈላቸው። ልጁም በእኔ ትእዛዝ ከደብተሩ ሁለት ገጽ ቀድዶ፣ አያቱ እየነገሩት፣ የቅድመ አያቱን ስም፣ የዘመቱበትን አገር፣ ስለ ስድስቱ ጥይቶችም ያለውን ሁሉ ጻፈ። አያቱ ወረቀቱን ተቀብለው በነጠላው ቍራጭ ጠቀለሉና ሽጉጡ ከነበረበት ከሳጥኑ ግርጌ አስቀመጡት።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ አሮጌ መሣሪያ ቢኖር አትንካው፤ ሕፃንም እንዲነካው አትተው፤ ለሚመለከተው አመልክት። ከዚያ በፊት ግን ብዕርና ወረቀት ይዘህ ከሽማግሌው ወይም ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጥ። ብረቱን የሚጠብቅ መንግሥት አለ፤ ቃሉን የሚጠብቅ ግን አንተ ብቻ ነህ።